በትሩን ማን ይረከባል

የእኛ ባቡር ትንሽ ነበር። ዋናው የሐዲድ መስመር ሜዳውን በሩቁ ቆርጦ ሲያልፍ፣ ተራራው ላይ ያለውን ሰው ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ስለዚህ የአውራጃው አስተዳደር ከአንድ የተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ አሮጌ ሐዲድ በርካሽ ገዝቶ፣ በራሱ ሰው አንጥፎ የራሱን መስመር ሠራ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው መሀሉ ቆሞ እግሩን ከፈት ቢያደርግ ግራና ቀኙን ይረግጠዋል። ጠባብ ያደረጉት ገንዘብ ቢያጥራቸው ብቻ አይደለም። ጠባብ ሐዲድ በተራራ ወገብ ላይ እንደ ፍየል ይጠማዘዛል፤ ድልድዩም ዋሻውም ትንሽ ይበቃዋል። የከተማ ሰዎች ግን ይስቁብን ነበር። "የእናንተ ባቡር ዳገት ሲጀምር ተሳፋሪው ወርዶ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ሮጦ ይሳፈርበታል" ይሉናል። ውሸት ቢሆን ደስ ባለኝ። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

ከታችኛው ጣቢያ እስከ ላይኛው ጣቢያ ያለው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው። መተላለፊያ የለውም። ሁለት ባቡር ከሁለት በኩል ቢገባ ዋሻው ውስጥ ወይም ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። በትሩ የተሠራው ለዚህ ነው። ክንድ የሚያህል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ነሐስ የለበሱ፣ መሀሉ ከእጅ ብዛት የጠቆረ እንጨት። ለመስመሩ በሙሉ አንድ በትር ብቻ ነው ያለው። እሱን በእጁ ያልያዘ ነጂ ወደ መስመሩ አይገባም። ማየት አይበቃም፣ "ይኸው እዚያ ተሰቅሏል" ማለትም አይበቃም፤ መጨበጥ አለበት። በትሩ ላይኛው ጣቢያ ከሆነ ታች ያለው ይጠብቃል፣ ታች ከሆነ ላይ ያለው ይጠብቃል።

ሲሰጥና ሲቀበል የሚባል ቃልም አለ። የጣቢያው ሹም በትሩን ዘርግቶ "መንገዱን እነሆ" ይላል። ነጂው ይጨብጥና "መንገዱን ተረክቤያለሁ" ይላል። ደርሶ ሲመለስ ደግሞ "መንገዱን አስረክቤያለሁ" ሲል፣ ሹሙ ተቀብሎ "ተቀብያለሁ" ይላል። ይኸው ነው።

የታችኛው ጣቢያ ሹም አጎቴ ነው። ነጂው አባቴ ነው። ታላቅና ታናሽ፣ የአንድ እናት ልጆች። ከእነዚህ ቃላት ሌላ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። ዝምታቸው እኩያዬ ነው፤ እኔ በተወለድኩ ቀን ነው የተወለደው።

የዚያን ቀን ነገር በጣቢያው ሠፈር የማያውቀው የለም። እናቴ እኔን ለመውለድ ታላቅ እህቷ ዘንድ ወጥታ ነበር። አክስቴ የላይኛው ጣቢያ ጠባቂ ናት። ምጡ ቀኑ ሳይደርስ መጣ፣ ከባድ ዝናብም አብሮት መጣ። አክስቴ ስልክ ደውላ "ነገሩ አላማረኝም፤ ባቡሩን ላኩልኝና ወደ ሐኪም ትውረድ" አለች። ወዲያው መብረቅ የስልኩን ገመድ መታው። ባቡሩ ታች ነው፤ በትሩ ግን ላይ ነው። የሐዲድ ጠጋኞች ጠዋት በጥገናው ጋሪ ይዘውት ወጥተዋል። እነሱ ላይ ይሁኑ፣ ወይስ በዝናቡ ውስጥ ቁልቁል እየመጡ ይሁኑ የሚያውቅ ሰው የለም።

አባቴ ለመነ። ከዚያ ጮኸ። ከዚያ የወንድሙን አንገትጌ ያዘ። አጎቴ ባቡሩን ወደ መስመሩ የሚያስገባውን የመግቢያ ሐዲድ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ "ጋሪው ላይ ሰዎች አሉ፤ በትር ሳይኖር አልከፍትም" አለ። የዝናብ ካፖርቱን ለበሰና በሐዲዱ ላይ በእግሩ ሽቅብ ሄደ፤ "በትሩን አመጣለሁ" ብሎ። በማግስቱ ማለዳ በጋሪው ወረደ። በአንድ እጁ በትሩን ይዟል፤ በሌላው ካፖርቱ ውስጥ እኔን። እናቴ እዚያው ላይ ቀረች። ጋሪው ለካ ያን ሁሉ ሰዓት ከቆመበት ንቅንቅ አላለም ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር።

አባቴ አስቀድሞ እኔን ተቀበለ፤ ቀጥሎ በትሩን ተቀበለ። "መንገዱን ተረክቤያለሁ" አለና ሬሳዋን ሊያመጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል የለም።

እኔ በሁለቱ መሀል አደግኩ። ምሳ ከአጎቴ ጋር፣ እራት ከአባቴ ጋር። "ለአጎትህ ሞተሩ ዘይት ይፈልጋል በለው።" "ለነጂው ዘይቱ ነገ ይመጣል በለው።" ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ነው እንግዲህ! አንዳንዴ እኔ ሳልናገር መልሱ ይመጣል፤ ያኔ ሁለቱም እንዳልሰሙ ይሆናሉ። አጎቴ አላገባም፣ አልወለደም። የጣቢያው ሰው "ጋሼ ደንቡ" ይለዋል፣ ከፊቱም ከኋላውም፤ አይቆጣም። ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ቲኬት ሻጭ ሆንኩ። ብዙ የሚሸጥ ስላልነበር ብዙውን ጊዜ በመስኮቷ በኩል ሐዲዱ ተጠማዝዞ የሚሰወርበትን ቦታ አይ ነበር።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። በተራራው በዚያ ወገን ስለወጣ ላይኛው ጣቢያ እንኳ አልደረሰም፤ የጭነት መኪናው ግን የባቡሩን እህልና እንጨት ወሰደው። አስተዳደሩ ኪሳራውን ሲሸከም ቆይቶ ሰለቸው። መስመሩ ይዘጋ፣ ሐዲዱም ይነቀል ተባለ። የጣቢያው ግቢ ለመጋዘን ተሰጠ፤ አጎቴ የሚኖርባት ከቢሮው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ክፍልም አብራ ሄደች።

"አባዬ፣ እኛ ጋ ክፍል አለ" አልኩት አባቴን።

"አለ። መቼ የለም አልኩ?"

"እና ጥራዋ።"

"ለምኖኛል?"

አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። "አባባ፣ እኛ ዘንድ ና።"

"ነጂው ጠርቶኛል?"

"እኔ ጠራሁህ።"

ጉንጬን በመዳፉ ነካ አደረገኝ። "አንተማ መች ጠፋህ" አለ። ሩቅ አገር አንድ የአጎት ልጅ እንዳለው፣ እዚያ እንደሚሄድ ነገረኝ። ያን የአጎት ልጅ አንድ ቀን ስሙን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ከሄደ እንደማይመለስ ግን ገባኝ፤ ለመሞት የሚሄድ ሰው አነጋገሩ ይታወቃል።

የመጨረሻው የመንገደኛ ባቡር የገባ ዕለት ከአውራጃው አንድ ባለሥልጣን መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ንግግሩንም አላረዘመ። ሲጨርስ አጎቴን በሁለት እጁ ጨብጦ "አባቴ፣ በትሩን ለቅርስ ማስቀመጫ ብወስደው ይፈቅዳሉ? ልጆቻችን ይዩት" አለው። አጎቴ በትሩን ከመስቀያው አወረደ፣ በእጅጌው ወለወለ፣ ሰጠው። ባለሥልጣኑ መኪናው ውስጥ አጋድሞት ሄደ። ያን ጊዜ አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ባዶውን መስቀያ ሲያይ ቆየ።

በማግስቱ ጠዋት ሐዲድ ነቃዮቹ መጡ። አለቃቸው ድምፁ ከመዶሻው የማይተናነስ፣ ሆዱ ቀበቶውን አልፎ የሚሄድ ሳቂታ ሰው ነው። በግቢው ውስጥ ያለውን የጎን ሐዲድ መንቀል ጀመሩ። አጎቴ ሳጥኑንና ፍራሹን አስሮ በራፉ ላይ አውጥቷል። ከጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሳው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሄደው። አባቴ ጎታቹን ሞተር ለመጨረሻ ጊዜ ያጥባል፤ ነገ ለብረት ገዢ እንደሚሰጥ እያወቀ።

ስልኩ ጮኸ።

ሁላችንም ተያየን። ማን ይደውላል? አጎቴ አነሳው። ድምፁ ከጆሮው አልፎ ለእኛም ይሰማል፤ አክስቴ ናት።

"የታችኛው ጣቢያ!"

"የታችኛው ጣቢያ ነው።"

"እኔ እዚህ ሳጥኔ ላይ እንደተቀመጥኩ ላርጅ ነው? እቃዬን ጠቅልዬ፣ ዶሮዎቼን ቅርጫት ከትቼ፣ ምጣዱን ሳይቀር አጥቤ ከትናንት ጀምሮ እጠብቃለሁ! መስመሩ ተዘጋ በሉኝና ልውረድ እንጂ! ሳትነግሩኝ ጥዬው ብሄድ ነገ 'ጣቢያዋን ጥላ ጠፋች' የምትለኝ አንተው ነህ!"

አጎቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሹሙ "መስመሩ ተዘግቷል" ብሎ ካልነገራት የላይኛዋ ጠባቂ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ይህን ቃል ሳይናገር በትሩን ሰጠ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነጥብ ያልሳተ ሰው፣ በዚያች አንድ ቀን፣ ግድግዳ ሲያይ ሳተ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ በስልኩ። "ባቡሩ ይመጣል።"

ሌላ መንገድ የላትም፤ አስፋልቱ በዚያ ወገን ነው፣ በዚህ በኩል ያለው የበቅሎ መንገድ ነው። አለቃው መጥቶ ሰማ። "እንግዲያው አሁኑኑ ሂዱ" አለ። "ከሰዓት በኋላ ድልድዩን እጀምራለሁ። ድልድዩ ከተነሳ ሴትዮዋን በገመድ ነው የምናወርዳት።"

አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ። ሞተሩን አስነስቷል፣ አንድ ባዶ ፉርጎ ቀጥሏል።

"ለአጎትህ ንገረው" አለኝ፤ "በትሩን ይስጠኝና ልሂድ።"

የጨዋታ ቃል አልነበረም። አባቴ በትሩ እንደሌለ ያውቃል፤ ሲሰጥ አይቷል።

አለቃው ሳቀ። "ጋሼ ደንቡ፣ ምን ሊጋጭ ነው? በዚህ መስመር ላይ ያለው ባቡር ይኸው ይኼ ነው፤ ሌላው ዓለም ላይ የለም! ምናልባት የሴትዮዋ ዶሮ አምልጣ ካልሆነ።"

"ዶሮም ቢሆን" አለ አጎቴ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር" አለ አለቃው ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። "ዛሬ ሁለቱን ባንድ ላይ አየኋቸው!"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ዓይኑን ከወንድሙ ላይ አላነሳም።

"ለአጎትህ ንገረው" አለ ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬም መንገዱ ባዶ ነው በለው።"

ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ሳቁም በየአፉ ቀረ። አጎቴ ቁልፉን አውጥቶ ዝም ብሎ ቢከፍት፣ ያን ቀንም መክፈት ይችል ነበር ማለት ነው፤ እናቴ ለአንድ ቁራጭ እንጨት ሞተች ማለት ነው። ካልከፈተ ደግሞ፣ ማንም በሌለበት፣ ምንም በማይመጣበት መስመር ላይ ደንቡን ከወንድሙ አስበለጠ ማለት ነው። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ሳጥኑ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ነገር የመቃብር ነገር ይሆናል። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

አጎቴ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን ዘጋው። አባቴ ጨርቁን መሬት ላይ ጣለውና ወደ ሞተሩ ዞረ።

በሩ ተከፈተ። አጎቴ የሹምነት ኮፍያውን አድርጓል። ከቀዩ ባንዲራ ላይ የቀደደውን ጨርቅ በአንድ እጁና በጥርሱ ቀኝ ክንዱ ላይ እያሰረ ነው። አጥብቆ ሊቋጥረው አልቻለም። ሄጄ አሰርኩለት።

ይህም በደንቡ ውስጥ አለ፤ ተደርጎ ያየው ሰው ስለሌለ ግን ረስተነዋል። በትር ሲጠፋ፣ ሁለቱ ጣቢያዎች በስልክ ተነጋግረው መንገዱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ፣ ሰው በትር ይሆናል። ክንዱ ላይ ቀይ ያስራል። እሱ ያልተሳፈረበት ባቡር አይንቀሳቀስም።

አጎቴ ስልኩን አነሳ። "የላይኛው ጣቢያ! በመስመሩ ላይ ያለ ነገር አለ?"

"እኔ ነኝ ያለሁት።"

"በሐዲዱ ላይ ነው ያልኩት።"

"በሐዲዱ ላይ ማንም የለም። ምን ሆነሃል አንተ ሰው?"

"መንገዱ ባዶ ነው በዪኝ።"

አክስቴ ሞኝ አይደለችም። "መንገዱ ባዶ ነው" አለች፣ በሌላ ድምፅ።

አጎቴ ስልኩን አስቀምጦ ወጣ። ወደ ሞተሩ ሄደ፤ አባቴ መሰላሉ ሥር ቆሟል። ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ቆመና፣ በትሩን እንደሚዘረጋው አድርጎ፣ ቀዩ የታሰረበትን ክንዱን ዘረጋ።

"መንገዱን እነሆ" አለ።

ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አውርደው ያያሉ። አባቴ ክንዱን ተመለከተው። ቀጭን ነው፤ ሸሚዙ ውስጥ እንደ ዱላ ነው። ማየት አይበቃም። መጨበጥ አለበት። እጁን አነሳ፣ መለሰ፣ እንደገና አነሳ። ከዚያ የወንድሙን ክንድ ከአንጓው በላይ ያዘ። አያያዙን አየሁት፤ ጣቶቹ ነጡ።

"መንገዱን ተረክቤያለሁ" አለ።

የሞተሩ ክፍል ጠባብ ነው፤ እንደ ሐዲዱ። ሦስት ሰው ሲገባበት ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። አጎቴ በአባቴ ቀኝ፣ እኔ ከኋላ በመሣሪያው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ የተሳፈረው የመግቢያውን ሐዲድ ከፍቶ ነው። ዳገቱን ስንጀምር ሁለቱም ፊት ለፊት ያያሉ። የተጣመመው ዛፍ አለፈ፣ ጥቁሩ ቋጥኝ አለፈ፣ ዋሻው ገባንበት ወጣንበት። ያን ሁሉ ዘመን ከጣቢያ ሲሸኘው የኖረውን ባቡር አጎቴ ተሳፍሮበት አያውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ላይ ወጥቶም አያውቅም።

ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ አባቴ እንደ ልማዱ የፊሽካውን ገመድ ሳበ። እዚያ ፊሽካ ይነፋል፤ ድምፁ በገደሉ ተንከባሎ ላይኛው ጣቢያ ድረስ ይሰማል፣ ሰውም "ድልድዩን አለፈ" ብሎ እቃውን ያነሳል።

አጎቴ ጩቤ እንደገባበት ሰው ኩምትር አለ።

አባቴ በዓይኑ ጠርዝ አየው። "ምነው?" አለ።

ለእኔ መስሎኝ "ምንም" አልኩ።

"ምነው፣ ጋሼ?" አለ አባቴ።

ድልድዩ ከሥራችን ይንቀጫቀጫል።

"ይህን ፊሽካ ነበር የጠየቀችኝ" አለ።

አባቴ ፍሬኑን ያዘ። ባቡሩ ከድልድዩ ማዶ ቆመ፤ ሞተሩ ብቻ ይንገጫገጫል።

"ስደርስ ነፍሷ አልወጣችም ነበር" አለ አጎቴ፣ ፊት ለፊት እያየ። "ልጁ ወጥቷል፤ እሷ ግን ደሟ አልቆም ብሏል። ዓይኗን ገለጠችና 'ድልድዩን አለፈ?' አለችኝ። አንተን ነው። እኔ ባቡሩን የት እንዳቆምኩት አውቃለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። 'አለፈ' አልኳት። 'ፊሽካውን አልሰማሁም' አለች። 'ዝናቡ ነው' አልኳት። 'እንግዲያው መድረሱ ነው' አለችና እህቷን 'ፀጉሬን አስሪልኝ፣ እንዲህ ሆኜ አያየኝ' አለቻት። እህቷ ፀጉሯን አንስታ አሰረችላት። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ እንዳዘነበለች... እንደዚያው ሄደች።"

እኔ እናቴ ተናግራው የማውቀው ቃል አልነበረም። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ።

"ባቡር ያለበትን ቦታ ዋሽቼ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው" አለ አጎቴ። "በደንቡ ላይ ከጸናሁት ይልቅ ያችን ውሸት ነው ይዤ የኖርኩት። ለአንተ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላወቅኩም። 'ሆድ ይፍጀው' አልኩ፤ ፈጀው።"

አባቴ እጁን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ ነው። ሲናገር ድምፁ ተሰባብሯል።

"'ሂድ አንተ፣ እኔ ሞተሩን እጠብቃለሁ' ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር።"

"'ሞተሩን ትቼ አልሄድም፣ ቁልፉን ስጠኝ' አልኩህ።"

"አልክ።"

"ሄጄ ቢሆን አገኛት ነበር። በእግሬ። አንተ ደርሰህባት የለ?" ፊቱን በጥቁር ዘይት በተለወሰ እጁ ጠረገ። "አንተን አይደለም እኮ ጋሼ፣ እኔ ያን ሁሉ ዘመን..." አልጨረሰውም። አጎቴም ጨርስ አላለውም።

ከዚያ አባቴ ገመዱን ሳበ። ፊሽካው ጮኸ፤ ልማዱ ከሚፈቅደው በላይ ረዘመ፣ ገደሉ እየተቀባበለ ወደ ላይ ወሰደው። ያለ ምክንያት ፊሽካ መንፋት በደንቡ ክልክል ነው። አጎቴ ኮፍያውን አወለቀና ጭኑ ላይ አኖረው።

አክስቴ እውነትም ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ ከአንድ ሞተር ሲወርዱ ስታይ ተነሳች።

"ምነው? አንድ ላይ? ማን ሞተ?"

"መስመሩ" አለ አጎቴ።

ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው። ዓይናቸውን አየች። "እንግዲያው ዶሮዎቹን ያዙልኝ፤ እናንተ እስክትተቃቀፉ እንቁላል ጣሉ" አለችና ፊቷን ደብቃ ወደ ውስጥ ገባች።

እቃዋን ፉርጎው ላይ ጫንን። እናቴ የሞተችበት ክፍል የጣቢያው ማረፊያ ነው፤ አግዳሚ ወንበርና አንድ መስኮት ብቻ አለው። አባቴ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ትንሽ ቆመ። ሲወጣ በሩን እንደ ተኛ ሰው ክፍል በቀስታ ነው የዘጋው። ወደ ታች ስንወርድ አክስቴ ፉርጎው ላይ ከዶሮዎቿ ጋር ነበረች፤ ቁልቁለቱን በሙሉ ስትረግማቸው ይሰማን ነበር።

ታች ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሟል፤ ረዳቱ የአጎቴን ሳጥን ጣራው ላይ አውጥቶ ያስራል። ነቃዮቹ የግቢውን ሐዲድ ጨርሰው ክምሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። አጎቴ ከመሰላሉ ወረደ። አባቴም ወረደ፣ ወርዶም ክንዱን ያዘው። እስካሁን ያለው እንደ ደንቡ ነው፤ የተረከበውን ይዞ ወደ ሹሙ ይሄዳል።

ቢሮው በራፍ ላይ ቆሙ።

"በል አስረክብ" አለ አጎቴ። "አውቶቡሱ ይሄድብኛል።"

"ለማን?" አለ አባቴ።

"ለጣቢያው ሹም ነዋ።"

"የታለ?"

"እኔ ነኛ!"

"አንተ በትሩ ነህ። በትር እንዴት ራሱን ይረከባል?"

አለቃው ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። አጎቴ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ቆሞ አሰበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ደንቡን ከላይ ወደ ታች እየወረደበት ነው። በሌላ ቀን ሌላ ሹም ይኖራል፤ ምክትል ይኖራል። ዛሬ ማንም የለም።

"ደንቡ ምን ይላል፣ ጋሼ?" አለ አባቴ። የልቡን ነው የጠየቀው።

"ተረካቢ ከሌለ..." አለ አጎቴ። "ተረካቢ ከሌለ በነጂው እጅ ይቆያል።"

"እስከ መቼ?"

"ተረካቢ እስኪመጣ።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

አጎቴ ዞሮ አየ። ባዶውን መስቀያ፣ የተከመረውን ሐዲድ፣ እንጨቶቹ ተነቅለው አፈሩ ላይ የቀረውን የጥርስ ረድፍ የመሰለ ፋና።

"ማንም" አለ።

"ሞኝና ወረቀት" አለ አባቴ፤ ክንዱን አልለቀቀም። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "አንተ፣ የአጎትህን ሳጥን ከአውቶቡሱ አውርድ" አለ።

ጣራው ላይ ወጣሁ። ረዳቱ የቋጠረውን ገመድ መልሶ እየፈታ ያጉረመርማል። "ተሳፋሪው የታለ? ምን ልበል ለሾፌሩ?"

"አይሄድም በለው።"

ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ አየኋቸው። ግቢውን አቋርጠው ወደ ቤታችን ይሄዳሉ፤ አክስቴ የዶሮ ቅርጫቷን ታቅፋ ከኋላ ትከተላለች። ሁለቱም ከዘመን ልማድ ሐዲዱ በነበረበት መሀል ለመሀል ነው የሚራመዱት። ቀዩ ጨርቅ አጎቴ ክንድ ላይ እንደታሰረ ነው። ከበስተጀርባቸው አለቃው ለሰዎቹ ምልክት ሰጠ፤ የመጀመሪያው መዶሻ መግቢያው ላይ ያለውን ብሎን ሲመታ ሁለቱም ለአፍታ ቆሙ። አልዞሩም። አባቴ አንድ ነገር አለው፣ አጎቴ መለሰለት፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በእኔ በኩል ሳያልፍ የተነጋገሩት ነበርና፣ ሳጥኑን ተሸክሜ ወረድኩ።